የወይራ አምባ ሳል

በ2081 ዓ.ም. በወይራ አምባ ከተማ ሰው ሁሉ ቁርሱን የሚበላው ግድግዳ እያየ ነበር። ግድግዳው ላይ ቆጣሪው አለ። ቆጣሪው የበላተኛውን የእጅ አንጓ ይዳስሳል፤ ጥቂት ያስባል፤ ከዚያ አንድ ወይም ሁለት ጠብታ መራራ ማንኪያ ላይ ያንጠባጥብና «ይዋጡ» ይላል። መዋጡን ሲያረጋግጥ ከሥሩ ያለችው ትንሽ በር ተከፍታ የዚያ ሰው ሰሃን ይወጣል። የባል ለባል፣ የሚስት ለሚስት፣ የልጅ ለልጅ። የአንዱ ጨው የሌላው አይደለም፤ የአንዱ ዘይት ከሌላው ጋር አይገጥምም። ሰው ከጎረቤቱ ሰሃን ቢቆርስ የሁለቱም ቆጣሪ ቀኑን ሙሉ ሲነጫነጭ ይውላል። ስለዚህ ማንም አይቆርስም። ጉርሻ የሚባለውን ነገር ልጆች የሚያውቁት ከድሮ ፊልም ነበር፤ ሲያዩትም አንዱ የሌላውን አፍ የሚዘጋ እየመሰላቸው ይስቃሉ።

ጦይባ ይመር በዚህ ኑሮ ቅሬታ አልነበራትም። እንጀራዋም ከዚያው ነበር። ጠብታው ከወይራ ዘይት የሚወጣበትን የከተማዋን ማውጫ ቤት የምታስተዳድር እሷ ናት።

በአካባቢው ያሉት ጋራዎች ድሮ የተራቆቱ ነበሩ ይባላል። አሁን በአገሩ ወይራ ጉቶ ላይ የባሕር ማዶ ወይራ እየተዳቀለ ከዳር እስከ ዳር ብርማ ቅጠል ለብሰዋል። ፍሬው ተለቅሞ ይጨመቃል፤ አረንጓዴ ዘይቱ ወደ ጦይባ ይመጣል። እሷ ዘይቱን ከሽሮፕ ጋር ታማስለዋለች። ሽሮፑ ስኳር፣ የሎሚ አሲድና ውሃ ነው፤ ሌላ ምንም የለበትም። በወግ ስሙ «አረንጓዴ አሟሚ» ይባላል፤ ተፈጥሮን የማይጎዳ ማለት ነው፤ በስሙ የሚጠራው ግን የለም። ሲማሰል በዘይቱ ውስጥ ያለው መራራ፣ ያ ለልብና ለደም ሥር የሚበጀው፣ ዘይቱን ትቶ ወደ ሽሮፑ ይገባል። ሽሮፑ ስለሚከብድ ወደ ታች ይሰጥማል፤ ዘይቱ ከላይ ይቀራል። ከዚያ መራራው ከሽሮፑ ተለይቶ በጥቁር ጠርሙስ ይታሸጋል። ሽሮፑ ተመልሶ ለሚቀጥለው ዙር ይገባል። ዘይቱ ደግሞ ገርጥቶ፣ ሽታና ጣዕሙን ሁሉ ጥሎ፣ «ልዝብ ዘይት» ተብሎ ይወጣል።

ጦይባ ይህን ሥራ ትወደው ነበር። የእናቷ ትውልድ በነዳጅ ውጤት መራራ ሲያወጣ ጭንቅላቱን እያመመው ኖሯል። የእሷ ቤት ግን የሚሸተው የሎሚ ከረሜላ ነው። ሽሮፑ ቢደፋ እንኳ የሚጎዳው የለም፤ ጉንዳን ይሰበሰብበታል እንጂ። ባሏ ሙሄ ልቡ ያስቸገረው ጊዜ ያቆመውም ይኸው ጠብታ ነው። ሙሄ ወይራ የሚገርዝና የሚያዳቅል ሰው ነው፤ ረጅም፣ ተጫዋች፣ ዛፍ ላይ ሆኖ ብቻውን የሚያወራ።

የልጃቸው የረምላ ሰርግ ለኅዳር ተቆረጠ። እንደ ዘመኑ ወግ ድንኳኑ ይተከላል፤ ትልቁ የድንኳን ቆጣሪ ይገባል፤ እንግዳው ተራ በተራ ጠብታውን ውጦ ሰሃኑን ይቀበልና ወንበሩ ላይ ሆኖ በጸጥታ ይበላል። ከዚያ ጭፈራ ነው። ሁሉም ነገር ተሰናድቶ ነበር።

ሰርጉ ሊደርስ ሲል ውርጭ ወረደ። በማውጫ ቤቱ የቱቦው ማሞቂያ ጠፍቶ ስላደረ ሽሮፑ እንደ ቆየ ማር ረጋ። ጦይባ በማለዳ ገብታ ማሽኑን ስታስነሳ አንድ የሚያንቃጭል ድምፅ ሰማች፤ ከዚያ ዝም። የፓምፑ ጥርስ ረግፏል። ቱቦውን በሙቅ ጨርቅ ጠቀለለችው፤ ለመነችው፤ ሰደበችው። ወደ አስመጪዎቹ ስትደውል አዲስ ፓምፕ መንገድ ላይ ነው አሏት፤ የሚደርሰው ግን ከሰርጉ በኋላ ነው።

የታሸገው ጠብታ ሁሉ ወደየከተማው ተልኳል፤ ፓምፕ ከሌለ አዲስ ጠብታ የለም። ጠብታ ከሌለ የድንኳኑ ቆጣሪ በሩን አይከፍትም። እንግዳው ደግሞ ከየአገሩ ተነስቷል፤ የሙሽራው ቤተሰብ ከኮምቦልቻ ጉዞ ጀምሯል።

ሙሄ ምሳውን ይዞ ሲመጣ ጦይባን ገና ካልተነካው ዘይት ጋን ፊት ቆማ አገኛት። ጋኑ ከሷ ቁመት ይበልጣል፤ ውስጡ እንደ ክረምት ሣር አረንጓዴ ነው።

«ሙሄ፣ ይህን ቀምሰህ ታውቃለህ?»

«የቱን?»

«ይህንን። መራራው ሳይወጣለት።»

«እኔ ዛፉን እንጂ ዘይቱን የት አውቄ። የምታውቂው አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

«እኔ የማውቀው ቁጥሩን ነው» አለች ጦይባ። ይህን ስትል ራሷም ደነገጠች። ዕድሜዋን ሙሉ ይህን ዘይት ስታስገባና ስታስወጣ ኖራለች፤ አንድ ቀን ግን ምላሷ ላይ አላረፈም።

ከሙሄ ምሳ ላይ ቂጣ ቆረሰች። ቆጣሪዋ በእጅ አምባሯ በኩል «የሌላ ሰው ምግብ» ሲል አስጠነቀቃት። አልሰማችውም። ቂጣውን ከጋኑ ቧንቧ ሥር ይዛ አንድ ጊዜ ከፈት አደረገችና ለሁለት ከፈለችው። ሁለቱም ጎረሱ።

መጀመሪያ ሣር ሣር አለ፤ ከዚያ ያልበሰለ ቲማቲም ቅጠሉ ሲታሽ የሚሸተውን ዓይነት። ቀጥሎ የምላሳቸውን ዳርና ዳር መረራቸው። ይኸው ነው ብለው ሊውጡት ሲሉ ጉሮሯቸው ላይ እሳት ተነሳ።

ሙሄ ሳለ። ጦይባ ሳለች። ሙሄ ግድግዳውን ተደግፎ እንደገና ሳለ።

«ገደልሽኝ! መርዝ ነው እንዴ?»

«መርዝማ አይደለም» አለች ጦይባ ዓይኗን እየጠረገች። «በየጠዋቱ የምትውጠው ጠብታ ነው። ከቤቱ ሳይወጣ አግኝተነው ነው።»

ትንሽ ቆይታ ጦይባ ስታይ የሙሄ እጅ ወደ ቂጣው እየሄደ ነው።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«እርግጠኛ ልሁን ብዬ» አለና አጠቀሰ።

ሁለቱም እርግጠኛ እስኪሆኑ ድረስ ቂጣው አለቀ። ያን ጊዜ ጦይባ ሐሳቧን ነገረችው። እንግዳው ጠብታና ልዝብ ዘይት ለየብቻ ከሚበላ ሁለቱን እንደተፈጠሩ በአንድነት ይብላ። በየሰሃን የሚለካ ቆጣሪ ስለማይኖርም በትሪ፣ ለስድስት ለሰባት ሰው፣ እንደ ድሮው። ሙሄ መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን አቆመ።

«ያልተነካ ዘይት ከዚህ በር ከወጣ ፈቃድሽን ይነጥቁሻል። ማውጫ ቤቱንም ወደ ሌላ ከተማ ይወስዱታል።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ተደብቄ አላደርገውም» አለችና ስልኳን አነሳች።

የደወለችው ለዶክተር ናርዶስ ተካልኝ ነው። ናርዶስ የዞኑ የልኬት ተቆጣጣሪ ናት፤ ገና ወጣት፣ ቀጭን፣ ሲያናግሯት ነገሩን ሰምታ ሳትጨርስ የማትመልስ።

«ዶክተር፣ ማሽኔ ቆሟል። እሑድ የልጄ ሰርግ ነው። እንግዳዬን ያልተነካ ዘይት ላበላው ነው።»



«እትዬ ጦይባ፣ ይህን የሚነግሩኝ እንድከለክልዎ ነው?»

«አይ። ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት ነው። ደግሞም ተጠርተዋል።»

እሑድ ረፋዱ ላይ የሙሽራው ወገን ደረሰ። የሙሽራው እናት እትዬ ዘምዘም ናቸው፤ ሽቅርቅር፣ ኩሩ፣ ቆጣሪ ልኩን ጠብቆ ለበላ ሰው በሚሰጠው ነጥብ በሰፈራቸው የታወቁ። ነጥቡን በአምባራቸው ላይ ወደ ውጭ አዙረው ነው የሚሄዱት፤ ሌላው ሰው ወርቅ እንደሚያሳይ። ድንኳን ገብተው በቆጣሪው ቦታ ክብ ትሪዎች ሲያዩ ባሉበት ቆሙ።

«ቆጣሪው የት አለ?»

ጦይባ ሳትሸፍን ሳትደብቅ ሁሉንም ነገረቻቸው።

«እንዴ! ማን ስንት እንደበላ ካልታወቀ ሰርግ ነው ወይስ ዝርፊያ?» አሉ ዘምዘም። «እኔ ነጥቤን በስንት ጥንቃቄ ነው የገነባሁት! ልጆች፣ ዕቃችሁን አንሱ። ፓምፑ ሲመጣ እንመጣለን።»

ያን ጊዜ ረምላ የሙሽራ ልብሷን ሰብስባ ብድግ አለች።

«እትዬ ዘምዘም፣ አንድ ጊዜ ብቻ ያጥቅሱ። ካልወደዱት ሰርጉን ራሴ ወደ ጥር አሻግረዋለሁ፤ ጀማልም ተስማምቷል።»

ሙሽራው ጀማል አለመስማማቱ ከፊቱ ያስታውቃል፤ ቢሆንም ራሱን ነቀነቀ።

ዘምዘም ሳይመልሱ የመኪና ድምፅ ተሰማ። ነጭ መኪና ነው፤ በሩ ላይ የሚዛን ምልክት አለበት። ዶክተር ናርዶስ ማኅተም የያዘውን ማሸጊያ ሣጥኗን ይዛ ወረደች።

«አልበላችሁም?» አለች።

«እየተከራከርን ነው» አለች ጦይባ።

ናርዶስ አንዱን ትሪ ቀረብ ብላ አየችው። ድስት ሙሉ የበግ ወጥ ተደፍቶበታል፤ ዙሪያውን ቂጣ፣ መሐሉ ላይ አረንጓዴ ዘይት የሞላ ጎድጓዳ ሳህን።

«እትዬ ጦይባ፣ ልኬት ለምን እንደመጣ ያውቃሉ አይደል? በድርቁ ዓመታት እናቴ ዘይት ለመቀበል ተሰልፋ ትውል ነበር። ከፊት ያሉት በጀሪካን ይወስዳሉ፤ እሷ ዘንድ ሲደርስ የለም። እኔ ሚዛን የያዝኩት ለዚያ ነው። ለሁሉም እንዲደርስ።»

ይህን ስትናገር ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ጦይባ አንገቷን ደፍታ ሰማቻት።

«እውነትዎን ነው» አለች። «እናትዎ የቆሙት ግን ሰልፍ ላይ ነው፤ ከፊታቸው ያለው ሰው ጀርባውን ሰጥቷቸው። እዚህ ሰው ፊት ለፊት ነው የሚቀመጠው። ቁጭ ይበሉና ይዩት። ካየሽው በኋላ…» አፏ አዳልጧት አንቺ ማለቷን አውቃ ደነገጠች፤ «ካዩት በኋላ ያሽጉ።»

ናርዶስ ጥቂት አሰበች። ከዚያ ሣጥኗን መሬት አስቀምጣ ከትሪው አጠገብ ተቀመጠች። «እያንዳንዱ ስንት ጊዜ እንዳጠቀሰ እቆጥራለሁ» አለች።

ዘምዘም ነገሩ እሳቸው ላይ እንደወደቀ ገባቸው። ሁሉም ያያቸዋል። ኩራታቸውን እንደያዙ ቂጣ ቆረሱ፤ በጣታቸው ጫፍ ይዘው ዘይቱ ውስጥ ነከር አደረጉ፤ ጎረሱ። አኘኩ። ዋጡ። ፊታቸው ላይ ምንም አልታየም።

«ይኸው ነው?» አሉ።

ያኔ ጉሮሯቸው ላይ ደረሰ። እትዬ ዘምዘም ከልጅነታቸው ጀምሮ በሰው ፊት እንዲህ ስለው አያውቁም። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ኩላቸው ተዥጎረጎረ፤ አምባራቸው «ያልታወቀ ምንጭ! ያልታወቀ ምንጭ!» እያለ ጮኸ። ረምላ በድንጋጤ ውሃ አቀረበችላቸው። ዘምዘም ውሃውን በእጃቸው ገፉት።

«ውሃ ምን ያደርግልኛል» አሉ ትንፋሻቸው ሲመለስ። «ቂጣውን አቀብይኝ።»

ከዚያ በኋላ ያገደው የለም። ሰው ወደየትሪው ተጠጋ። የመብላቱ ነገር ግን ቀላል አልነበረም። አንድ ላይ እንዴት እንደሚበላ የሚያውቅ አልነበረምና ክርን ከክርን ተጋጨ፤ ሁለት ሰው አንድ ሥጋ ይዞ ሁለቱም በይሉኝታ ለቀቁት፤ ማን እንደሚጀምር ጠፍቶ እጅ ሁሉ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ከዚያ አንዱ ሳለ። ቀጥሎ ያለው ሳለ። ሳሉ ከትሪ ወደ ትሪ ተዛመተ፤ አምባሮቹ በአንድነት «ያልታወቀ ምንጭ» እያሉ ዘፈን አወጡ፤ ድንኳኑ በሳቅ ተናወጠ።

ናርዶስ መጀመሪያ ከልቧ ቆጠረች። አንዱ ሰባት ጊዜ፣ ሌላው አምስት። ከዚያ አንድ ነገር አየች። ከትሪው ዳር የተቀመጠ አንድ ዝምተኛ ሰውዬ ፊቱ ያለው ወጥ አልቆበት ቂጣውን ብቻ ያኝካል። ማንም ምንም አላለም፤ ከፊት ለፊቱ ያለችው ሴት ግን ወሬዋን ሳታቋርጥ ሥጋውን በቂጣ ጠርጋ ወደ እሱ ገፋችለት። በሌላው ትሪም እንዲሁ ሆነ። ያስተማራቸው የለም። ናርዶስ የስንተኛው ላይ እንደነበረች ጠፋባት፤ እንደገና ጀመረች፤ እንደገና ጠፋባት።

ሙሄ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ፣ ዘይቱ በክርኑ እየወረደ፣ ፊቷ ቆመ።

«አፍሽን ክፈቺ፣ ዶክተር።»

«ሥራ ላይ ነኝ፣ ጋሽ ሙሄ።»

«እኔም ሥራ ላይ ነኝ። የሙሽራ አባት ነኝ።»

ናርዶስ ዙሪያዋን አየች። ከዚያ እንደ ልጅ ዓይኗን ጨፍና አፏን ከፈተች። ድንኳኑ ሁሉ ጉሮሮዋን ሲጠብቅ ቆየ፤ ስትስል ጭብጨባው ከጋራው ተጋጭቶ ተመለሰ።

በማግስቱ ጠዋት ግን ማሸጊያ ሣጥኗን ይዛ ማውጫ ቤቱ በር ላይ ተገኘች። ጦይባ እየጠበቀቻት ነበር።

«ሕጉ፣ ያልተነካ ዘይት ያስወጣ ማውጫ ቤት ለአንድ ወር ይታሸግ ይላል» አለች ናርዶስ። «ፈቃዱን የሚነጥቀው የደበቀ ከሆነ ነው። እርስዎ አልደበቁም። ማሽኑን ግን አሽጋለሁ።»

«ያሽጉ» አለች ጦይባ። «ሕዝቡስ? ወሩን ሙሉ ጠብታውን ከየት ያገኛል?»

«ልባቸውን ለሚያማቸው ከዞኑ ክምችት ይመጣል፤ ለጋሽ ሙሄም ጭምር። ለሌላው ሰው ደግሞ ሕጉ አንድ አንቀጽ አለው። ጠብታ ሲጠፋ ነዋሪው ድርሻውን ባለበት መልክ ይውሰድ ይላል።» ናርዶስ ወደ ትልቁ አረንጓዴ ጋን አመለከተች። «ያለው በዚያ መልክ ነው።»

ጦይባ አንዴ ጋኑን፣ አንዴ እሷን አየች።

«በምን ልኬት?»

«በግምት። ከአንድ ገበታ ሲበላ መገመት ይቀላል» አለች ናርዶስ። ፈገግ አላለችም፤ ማኅተሙን ስትለጥፍ ግን እጇ ዘይት ዘይት ይሸት ነበር።

ያ ወር በወይራ አምባ የሳል ወር ተባለ። ጠዋት ጠዋት ሳሉ ከቤት ወደ ቤት እየተቀባበለ ከተማዋን ያዳርስ ነበር፤ መንገደኞች ወረርሽኝ የገባ መስሏቸው የመኪና መስኮት ይዘጋሉ። ቆጣሪዎቹ ሥራ ፈትተው ግድግዳው ላይ ሲነጫነጩ ከረሙ፤ አንዳንዱ ቤት ፎጣ ጣለባቸው። በአዲስ አበባ አንዳንድ ፎቆች ላይ ጠብታ ዘግይቶ ሰው ማጉረምረሙ ተሰማ፤ ጦይባ ይህን ስትሰማ ከፋት። ወሩ ሲያልቅ ናርዶስ የከተማዋን ሰው ደም ለካች። የመራራው መጠን አልወረደም፤ አልወጣም። ልክ እንደ ጠብታው ዘመን ነው። አለቆቿ አላመኗትም፤ ደግማ እንድትለካ አዘዟት፤ ደግማ ለካች።

ፓምፑ ተገጠመ፤ ማኅተሙ ተነሳ፤ ሽሮፑ እንደገና መዞር ጀመረ። ጦይባ የማሽኑ ድምፅ ናፍቋት ነበርና ከጎኑ ቆማ አዳመጠችው። የሎሚው ሽታ ሲመለስ ደስ አላት። ናርዶስ ግን አንድ ወሬ ይዛ ነበር የመጣችው፤ ዞኑ ከጋኖቹ አንዷ ሳትነካ እንድትቆይ ፈቅዷል።

«ለማንኛውም ቀን አይደለም» አለች። «ለሰርግ ብቻ።»

«በዓመት ስንት ሰርግ ይፈቀዳል?» አለች ጦይባ።

«እሱን አልጻፉትም።»

በዚያ ጥር ወይራ አምባ ውስጥ ድንኳን ያልተተከለበት ሰፈር አልነበረም። መጀመሪያ የታጩ ሁሉ ተጋቡ። ከዚያ እንጋባ አንጋባ ሲሉ ዓመታት የፈጀባቸው ተጋቡ። የታጨ ሲያልቅ ደግሞ ልጅ የወለዱ፣ ልጅ የዳሩ፣ እንደገና ተጋቡ። እትዬ ዘምዘም ሁለት ጊዜ ከባላቸው ጋር ሊጋቡ ከኮምቦልቻ መጡ፤ አምባራቸውን ቤት ትተው።

አንድ ቀን ጦይባ ጠብታ ስታሽግ ሙሄ መግረዣ መቀሱን ይዞ በሩ ላይ ተደገፈ። ከሩቅ የሰው ሳቅና ሳል ይሰማል።

«ጦይብዬ» አላት፣ «እኛስ መቼ ነው የምንጋባው?»

ጦይባ ጠርሙሱን እስክትከድን አላየችውም። ከከደነችው በኋላም ቀና ያለችው ቀስ ብላ ነው።

«እንዲህ በር ላይ ቆሞ ይጠየቃል እንዴ?» አለችው። «ሽማግሌ ላክ።»